የድሬዳዋ ፀሐይና የልደት ፊኛ

ባለፈው ግንቦት የእህቴን ልጅ ልደት ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር በሚገኘው ግቢያችን ስናከብር፣ ከጧቱ ሁለት ሰዓት ጀምረን እየነፋን በአጥሩና በበሩ ላይ ካሰርናቸው አርባ ፊኛዎች እኩሌታዎቹ እንግዳ ሳይገባ ፈንድተው አለቁ። ቀድመው የሄዱት ጥቁር ሰማያዊዎቹ ሲሆኑ ነጮቹ እስከ ማታ ቆይተዋል።

እኔም ጥፋቱን ሁሉ በሙቀት በሚሰፋው አየር ላይ አላክኬ ነበር። ይሁንና ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር አየሩ የሚሰፋው 3 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ችግሩ የሚመጣው እስከ መጨረሻው ተነፍቶ የሳሳው ላስቲክ ለዚያች ጭማሪ እንኳ ቦታ ሲያጣ ነው፤ በዚያ ላይ ፀሐይ ላስቲኩን ስለምትጎዳው፣ ሲነፋ ያብረቀርቅ የነበረው ገጹ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ እስትንፋስ እንዳረፈበት መስታወት ይደበዝዛል። ጠቆር ያለ ቀለም ደግሞ ሙቀቱን ይበልጥ ይስባል።

ስለዚህ አሁን ፊኛውን በደንብ ከነፋሁ በኋላ ከመቋጠሬ በፊት ጥቂት አየር አስወጣለታለሁ። አንገቱ ድረስ ተወጥሮ አምፖል ከመሰለ በዝቷል፤ እንቁላል መስሎ በጣት ሲጫኑት ጎድጎድ ካለ ይበቃዋል። የማስረው በኒም ዛፍ ጥላ ሥር፣ ነፋስ ከግንቡ ጋር እንዳያላትመው በአጭር ክር ነው፤ ግራር ሥር ማሰር ግን እሾሁን ራሱ መጋበዝ ነው። ልጆችም ብርቱካን በላጡበት እጅ እንዳይነኩት እከለክላለሁ፤ የልጣጩ ዘይት ላስቲኩን ስለሚያሟሟው ፊኛው ወዲያው ሊፈነዳ ይችላል። (ይህን ያስተማረችኝ የአምስት ዓመቷ ባለ ልደት ናት።)

ወደ ሐረር የሚወስድ ሰው ደግሞ ሌላም ነገር ያስብ። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ናት፤ ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር የውጭው አየር ግፊት ስለሚቀንስ በፊኛው ውስጥ ያለው አየር ይሰፋል። የደጋው ብርድ በጥቂቱ ቢያኮማትረውም የከፍታው ያመዝናል። ለአንድ ዘመዳችን ሠርግ ከቤት ነፍተን በመኪና ከጫንናቸው ውስጥ ሁለቱ የደንገጎን ዳገት ስንወጣ ፈንድተው ሹፌሩን አስደንግጠዋል። ስንነሳ የላሉ ናቸው ብላ እህቴ የነቀፈቻቸው ግን ሐረር ስንደርስ ልክ ሆነው ተገኙ።