ብረቱ ላይ የተሸሸገው
ዛሬ የእንስሳት ሐኪሟ የውሻዬን የቡቺን የላቦራቶሪ ውጤት አሳየችኝ። ከመድኃኒቶቹ ስም ትይዩ «አር»፣ «አር»፣ «አር» እያለ ይወርዳል፤ ባክቴሪያው ተላምዷቸዋል ማለት ነው። «ኤስ»፣ ማለትም ባክቴሪያው ገና ያልተላመደው፣ አንድ መስመር ብቻ። ጣቴን እሱ ላይ አሳርፌ ቆየሁ።

ጉልበቱን ቀዶ ጥገና ከተደረገ ወዲህ ቁስሉ ይደርቃል፣ መድኃኒቱ ሲያልቅ መልሶ ያመረቅዛል። ለካ በጤነኛ ውሻ ቆዳ ላይም የሚኖረው ስታፊሎኮከስ ሱዲንተርሚዲየስ የተባለው ባክቴሪያ አጥንቱን ባሰረው ብረት ላይ ሙጫ መሰል ሽፋን ሠርቶ ተሸሽጓል። አንቲባዮቲክ እዚያ ውስጥ ያለውን ጨርሶ ለመግደል ይቸገራል።

«አጥንቱ ይግጠም፣ ከዚያ ብረቱን እናወጣዋለን» አለችኝ። እስከዚያ ያችን አንዷን መድኃኒት፣ ሰዓቷን ሳናዛንፍ።

መጀመሪያ ያመረቀዘ ዕለት ናሙና ይወሰድለት አለማለቴ ይቆጨኛል፤ በግምት ሁለት መድኃኒት ቀያየርን። አሁን እግሬ ሥር ተኝቷል። የተላጨው ጉልበቱ ላይ አዲስ ፀጉር ብቅ ብቅ ብሏል።