የ1938ቱ ጀግና ዛሬም ምን አዲስ ነገር አለው?

የኮሚክ (በሥዕል የሚተረክ ታሪክ) ጀግናው ሱፐርማን የወጣው እ.ኤ.አ. በ1938 ነው። ባትማን በዓመቱ ተከተለ። ታሪካቸው ግን እስካሁን አላለቀም። ጸሐፊዎቹ ከየት ነው የሚያመጡት?

ብዙ ሰው አዲስ ጠላት መፍጠር ይመስለዋል። እኔ አይመስለኝም፤ አብዛኛው አዲስ ጠላት ወዲያው ይረሳል። ጎበዞቹ ወደ ኋላ ነው የሚቆፍሩት። ሁሉም የተቀበለውን የድሮ ታሪክ ያነሱና «ይሄ ነገር እውነት ባይሆንስ?» ይላሉ።

የኮሚክ ጸሐፊው አለን ሙር ስዋምፕ ቲንግ የሚባለውን ተከታታይ ኮሚክ ሲረከብ ያደረገውን እዩ። ገጸ ባህሪው አሌክ ሆላንድ የሚባል ሳይንቲስት ነበር፤ አደጋ ደርሶበት የረግረግ ጭራቅ ሆነና ተመልሶ ሰው ለመሆን ሲፍጨረጨር ኖረ። ሙር በ1984 ሁሉንም ገለበጠው። ጭራቁ ተከፍቶ ሲመረመር ሳንባ የሚመስል፣ ልብ የሚመስል ነገር ይገኝበታል፤ ግን አንዱም አይሠራም። ለካ ሆላንድ ድሮ ሞቷል፤ ይሄኛው ራሱን ሆላንድ አድርጎ የሚያስብ ተክል ነው! ያለፈው ታሪክ አልተሰረዘም፣ ትርጉሙ ብቻ ተቀየረ። እንዲህ ነው እንጂ!

መዋስም አለ። ሌላው ጸሐፊ ፍራንክ ሚለር የስፓይደርማን ጠላት የነበረውን ኪንግፒንን ወደ ሌላ ጀግና፣ ወደ ዴርዴቪል ታሪክ አምጥቶ እውነተኛ አስፈሪ አደረገው።

ጸሐፊው ኤድ ብሩቤከር ደግሞ በ2005 የካፒቴን አሜሪካን የጦር ጓደኛ ባኪን ከሞት አስነሳው፤ ያውም ለሶቪየት ሲገድል የኖረ ነፍሰ ገዳይ አድርጎ። ሙት ማስነሳት በኮሚክ ዓለም የተሰለቸ ነገር ነው፤ እዚህ ላይ የሠራው ግን ካፒቴኑ የሚያዝንለትን ሰው መልሶ እንዲዋጋው ስላስገደደው ነው። የድሮውን ታሪክ ሰርዞ ሁሉን ነገር ከዜሮ መጀመር ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ስንፍና ይመስለኛል።