የአባባ ጨረር ስንት ቀን ይሁን?

አባባ ፕሮስቴታቸው (ከፊኛ ሥር ያለው የወንዶች እጢ) ላይ ካንሰር እንዳለ ሲነገራቸው መጀመሪያ የጠየቁት ስለ ሞት አልነበረም። «ዶክተር ልጄ፣ ጨረር ከገባብኝ በኋላ ሕፃኗን ማቀፍ እችላለሁ?» ነው ያሉት። ሕፃኗ የእኔ ልጅ ናት። ከጭናቸው አትወርድም።

መልሱ እንደ ጨረሩ ዓይነት ይለያያል። ከውጭ በማሽን የሚሰጠው ማሽኑ ሲጠፋ ያበቃል፤ ሰውነት ውስጥ የሚቀር ነገር የለም። ብራኪቴራፒ ግን ከውስጥ ነው። አንደኛው ዓይነት የሩዝ ፍሬ የሚያካክሉ ጨረር ሰጪ ፍሬዎች ፕሮስቴቱ ውስጥ ተቀብረው የሚቀሩበት ነው። ብዙ ጊዜ አዮዲን 125 ናቸው፤ ኃይላቸው በ60 ቀን ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። እስኪዳከሙ ሕፃን ጭን ላይ አስቀምጦ መቆየት፣ ነፍሰ ጡር አጠገብ ተጠግቶ መዋል አይመከርም። ሌላው ዓይነት በቀጭን ቱቦ ገብቶ ለደቂቃዎች ቆይቶ ይወጣል፤ ምንም አያስቀርም። አባባ የሚቀበረውን ሲሰሙ «እሱስ ይቅርብኝ» አሉ፤ እኔም አልተከራከርኳቸውም።

ካንሰሩ ገና ከፕሮስቴቱ አልወጣም። ፒኤስኤው፣ ማለትም ለፕሮስቴት የሚታየው የደም ምርመራ፣ ከ10 በታች ነው፤ ግሊሰኑ፣ ማለትም የካንሰሩን ክፋት የሚለካው ነጥብ፣ 3+4፣ በድምሩ 7 ነው። ግሊሰኑ 6 ቢሆን ኖሮ ሐኪሙ ዝም ብለን እንከታተል ሊለን ይችል ነበር። ይሄ ችላ ማለት እንዳልሆነ ጎረቤቶቼ ሁሉ እንዲያውቁልኝ እፈልጋለሁ። ብሪታኒያ ውስጥ 1,643 ወንዶች በዕጣ ለክትትል፣ ለቀዶ ሕክምናና ለጨረር ተመድበው ነበር። ከ15 ዓመት በኋላ በዚህ ካንሰር የሞቱት በሦስቱም ምድብ ከመቶ ከሁለት እስከ ሦስት ገደማ ናቸው። በጊዜ የተገኘ ሰው አስቦ ለመወሰን ጊዜ አለው ማለት ነው።

የእኛ ቤት ትልቁ ጥያቄ ግን የቀኑ ብዛት ነበር። የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። ድሮ ይህ ሕክምና ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ለሰባት ወይም ለስምንት ሳምንት ነበር። እኚህ ሽማግሌ ያን ሁሉ ቀን ቃሊቲንና ሳሪስን አቋርጠው መሃል ከተማ ይመላለሱ?

ደግነቱ ዘመኑ ተቀይሯል። በ2016 እንደ ፈረንጆቹ የወጣ ትልቅ ጥናት በ20 ጊዜ የሚሰጥ 60 ግሬይ (ግሬይ የጨረር መጠን መለኪያ ነው)፣ በ37 ጊዜ ከሚሰጠው 74 ግሬይ እንደማያንስ አሳየ። አራት ሳምንት ማለት ነው። በ2024 ደግሞ በአምስት ጊዜ ብቻ የሚያልቀው ተፈተነ። ከአምስት ዓመት በኋላ ካንሰሩ ያልተመለሰባቸው በአምስቱ 95.8 ከመቶ፣ በረጅሙ 94.6 ከመቶ ሆኑ።

እኔ አምስቱን ስሰማ ልቤ ዘለለ። ሐኪሙ ግን አባባ ሌሊት ስንት ጊዜ ለሽንት እንደሚነሱ ጠየቃቸው። እማማ ቀድመው መለሱ፤ «ኧረ እንቅልፍም የለው!» በዚያው ጥናት በአምስቱ ጊዜ የታከሙት ላይ የሽንት ችግር በዛ ብሎ ታይቷል። ከመጀመሪያው ሽንት ለሚያስቸግረው ሰው 20ው ይሻላል አለን። ይህን ማንም ዘመድ በስልክ አይነግርህም፤ ሐኪሙ ፊት ተቀምጦ ሁሉን ሳይደብቁ መናገር ነው።

ፕሮቶን የሚባል ሌላ የጨረር ዓይነትም አለ፤ አሜሪካ ያሉ የአክስቴ ልጆች ገንዘብ እናዋጣ ብለው ነበር። በ2024 የቀረበ ጥናት ግን ከተለመደው ዘመናዊ ጨረር ጋር የሚታይ ልዩነት አላገኘም። አመስግነን ተውነው።

የቀረው ፊኛው ነው። ጨረሩ ሲሰጥ ፊኛ መሙላት፣ ፊንጢጣ ባዶ መሆን አለበት። የሞላ ፊኛ አንጀትን ከጨረሩ መንገድ ይገፋል፤ ፕሮስቴቱም በየቀኑ እዚያው ቦታ ይገኛል። ሆድ የሚነፋ ምግብም ይቀነስ ይባላል፤ በጾም ሽሮና ጥቅል ጎመን ለለመደ ሰው ይሄ ቀላል አይደለም። ውኃውን ደግሞ ቤት ጠጥቶ ታክሲ ተሳፍሮ ሳሪስ ላይ መንገድ ቢዘጋጋስ? አባባ ያን ሁሉ መንገድ ሽንት ይዘው አይዘልቁትም።

ስለዚህ ታናሽ እህቴ ዘንድ ልደታ ይከርማሉ። እዚያ ሆነው ተራቸው ሲቃረብ ይጠጣሉ፣ ታክመው ይመለሳሉ። እኔና ሕፃኗ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ እንሄዳለን፤ ያቅፏታል።