ሁለት እሽግ ካርታ

ትናንት ከሥራ ስገባ በሩ ሥር ትንሽ ካርቶን ጠበቀችኝ። የመጫወቻ ካርታዎቼ ናቸው። ገና ያልተሠራ ነገር በሰው መዋጮ በሚሠራበት ድረ ገጽ፣ ኪክስታርተር ላይ፣ ገንዘብ ያዋጣሁት አምና ለመስቀል ሰሞን ነበር። ሠሪው "ለገና ይደርሳል" ብሎ ነበር። ለየትኛው ገና እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

እዚያ የተጠየቀው ገንዘብ ካልሞላ ከማንም ሳንቲም አይቆረጥም። ከሞላ ነው ጣጣው የሚጀምረው። ስለዚህ ከሥዕሉ በፊት ሰውየው ካሁን ቀደም ቃሉን ጠብቆ ያደረሰው ካርታ መኖሩን አያለሁ። በዚህኛው ላይ ችላ አልኩ። ሥዕሉ አሳስቶኝ ነው።

ሁልጊዜ ሁለት ነው የምገዛው። አንዱ ይከፈታል፣ አንዱ በላስቲኩ እንደታሸገ መደርደሪያ ላይ ይወጣል። ማኅተሙ ላይ ከ1,000 ውስጥ ስንተኛው እንደሆነ ተጽፏል። ለዚች ቁጥር የሚሞቱ ሰብሳቢዎች አሉ። እኔ ግን "ድጋሚ አላትምም" ያለው ሰው ባያትም ይበቃኛል።

ስከፍት መጀመሪያ የማየው ኪንግ፣ ኩዊንና ጃኩን ነው። ጀርባውን አሳምሮ ፊቱን የተለመደውን ከተወው፣ ለኔ ልብሱን ብቻ የቀየረ ካርታ ነው። እነዚህ ግን አንድ በአንድ በእጅ የተሣሉ ናቸው። የአንዷ ኩዊን ዓይን ወደ ጎን ይሰርቃል። ቀጥሎ የስፔዱን ኤስ። ድሮ እንግሊዝ አገር የካርታ ግብር መከፈሉ የሚታወቀው በዚሁ ካርታ ላይ ባለው ምልክት ነበር፤ ግብሩ የቀረው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። ኤሱ እስካሁን የሚሽሞነሞነው ለዚያ ነው። መጨረሻ ላይ ትርፎቹን አያለሁ። ብዙ ጊዜ በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ 56 ካርታ ይታተማል። ከነጆከሩ 54 ነው፣ ሁለት ይተርፋል። ሰነፍ ሠሪ ማስታወቂያ ያደርግበታል። የኔው እንደዚያ አደረገ።

ከዚያ ገለበጥኩት። የጀርባው ነጭ ጠርዝ በግራ በኩል ሰፋ ብሏል። ሚሊሜትር አይሞላም። ግን ስፐውዘው መስመሩ ይወዛወዛል፣ አንዴ ካየኸው ደግሞ ሌላ ነገር አይታይህም። ተናደድኩ። ሰፈራችን የነበረው ካርታ ትዝ ሲለኝ ደግሞ ሳቄ መጣ። የአንዷ ሰባት ጀርባ ላይ ሻይ ፈሶባት ነበር። ማን እጅ እንዳለች ሁላችንም እናውቃለን፣ ዝም ብለን እንጫወታለን።

ባለቤቴ ቡናዋን ይዛ መጣች። "አሁን ይሄ ይታያል ወይስ ይጫወቱበታል?" አለች። አከፋፈልኩ። ስኒዋን ሦስቴ ከካርታው አራቅኩባት። ሦስቴም መለሰችው።