ይቺ ትበቃዎታለች

ማታ ነው። ጫማዬን አውልቄ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጫለሁ። ደብተሬ ጉልበቴ ላይ ነው። ሌላ ቀን ቢሆን ሁለት ሦስት መስመር ጭሬ እተኛ ነበር። ማንን አገኘሁ፣ ምን አለኝ፣ መቼ ልደውል። ዛሬ ግን የጠዋቱ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሎኛል።

ጠዋት አንድ አዛውንት ደንበኛ ጋ ነበርኩ። ትልቁን የማተሚያ ማሽን ለመግዛት ወስነው ነው የጠበቁኝ። ካታሎጉ ላይ በእስክሪብቶ ከበውታል። እኔ ደግሞ ትንሿን ይውሰዱ ብዬ መከርኳቸው። የኮሚሽኔ ሁለት ሦስተኛ በገዛ አፌ ቀረ ማለት ነው።

ለሌላ ሰው ቀላል ነገር ሊመስል ይችላል። እንዲህ ለማለት ስንት ዓመት እንደፈጀብኝ የማውቀው እኔ ነኝ።

ሥራዬ የማተሚያና የፎቶ ኮፒ ማሽን ለቢሮዎች መሸጥ ነው። ማሽኖቹ የእኔ አይደሉም፣ የአቅራቢው ድርጅት ናቸው። ተቀጣሪም አይደለሁም፣ በውል የምሠራ የሽያጭ ወኪል ነኝ። ከሸጥኩ በመቶኛ ይታሰብልኛል። ካልሸጥኩ ምንም። ትራንስፖርቱ፣ ስልኩ፣ ካታሎጉን ማሳተሙ ሁሉ ከኪሴ ነው። ብታመም የሚከፍለኝ የለም። እረፍት ብወጣም እንደዚያው። ሰው ይህን ስነግረው «ታዲያ እንዴት ትኖሪያለሽ?» ይለኛል። ጥያቄው ትክክል ነው። የመጀመሪያውን ዓመት ሙሉ እኔም ራሴን የጠየቅሁት ይህንኑ ነው።

ከቅጥር ስወጣ የታየኝ ትልቁ ቁጥር ብቻ ነበር። ከአንድ ማሽን ይህን ያህል ይደርሰኛል፣ በወር አምስት ብሸጥ ደግሞ ይህን ያህል። ወረቀት ላይ ሲባዛ ልብ ያሞቃል። ወረቀቱ ያልነገረኝ ስለ ጊዜው ነው። መሥሪያ ቤት ጠዋት አይቶ ከሰዓት አይገዛም። መጀመሪያ ማሽኑን የሚጠቀምበት ሰው ማመን አለበት። ቀጥሎ ኃላፊው። ከዚያ ግዢ ክፍል ዋጋ ያወዳድራል። ሂሳብ ክፍል በጀቱን ይጠይቃል። ሁሉም ካለቀ በኋላ የሚፈርመው ሰው እረፍት ላይ ነው። ደብተሬን ወደ ኋላ ሳገላብጠው፣ ከመጀመሪያው ስልክ እስከ ክፍያው ድረስ ብዙ ጊዜ ሦስት ወር ይፈጃል። ስለዚህ ዛሬ የምበላው ከሦስት ወር በፊት የሠራሁትን ነው። ዛሬ ካልደወልኩ ደግሞ የሚርበኝ ከሦስት ወር በኋላ ነው።

አዲስ ሰው የሚወድቀው እዚህ መሃል ላይ ነው። አብረውኝ ከጀመሩት ውስጥ ከእኔ የተሻለ መናገር የሚችሉ ነበሩ። ሰነፎች አልነበሩም። ሦስቱን ወር የሚሻገሩበት ስንቅ ስላልነበራቸው ብቻ ተመልሰው ሄዱ። እስካሁን ድረስ ያሳዝነኛል።

እኔም ልሄድ ምንም አልቀረኝም ነበር። አምስተኛው ወር ባዶ ሆነብኝ። «እናስብበት»፣ «ካታሎጉን ተይልን»፣ «እኛው እንደውላለን»። እጄ ላይ ያለው ሁሉ ላም አለኝ በሰማይ ነበር። የቤት ኪራይ ደርሷል። የዚያን ሰሞን ነው አንዲት የትርጉም ቢሮ የከፈተች ሴት ያገኘሁት። ብቻዋን ነበር የምትሠራው። ትልቁን ባለ ቀለም ማሽን አሳየኋት። ጣቷን ካታሎጉ ላይ አድርጋ «ይሄ ለእኔ አይበዛም?» አለችኝ። «ቢሮሽ ሲያድግ ታመሰግኚኛለሽ» አልኳት።

እንደሚበዛባት አውቅ ነበር። በወር የምታትመው ሰባት መቶ ገጽ ቢሆን ነው። የጥገና ውሉ ግን በወር ቢያንስ የ5 ሺህ ገጽ ሂሳብ ያስከፍላል፣ ብታትሚም ባታትሚም። ውሉ ላይ በደቃቁ ተጽፏል። እኔ አላነበብኩላትም። ካርትሪጁ፣ ማለትም የቀለሙ መያዣ፣ ላይ የተጻፈው የገጽ ብዛትም ገጹ 5 በመቶ ያህል ብቻ በቀለም ሲሸፈን የሚሠራ ግምት እንደሆነ አልነገርኳትም። አልዋሸሁም። ዝም ነው ያልኩት። ፈረመች። ክፍያው በየወሩ ነበር። የእኔ ኮሚሽን ከመጀመሪያው ክፍያ ላይ መጣልኝ፣ ኪራዬን ከፈልኩበት።

በሦስተኛው ወር ደወለች። ሄድኩ። ማሽኑን የጠረጴዛ ልብስ አልብሳዋለች። ከላዩ ላይ መዝገበ ቃላቶቿን ደርድራለች። መደርደሪያ ሆኗል። ከጎኑ ከቤቷ ያመጣቻት ትንሽ የድሮ ማተሚያ እየተንተፋተፈች ታትማለች። አልጮኸችብኝም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። እንዲህ ብቻ አለችኝ፦ «አንቺ እኮ ታውቂ ነበር።»

መክፈል አልቻለችም። ድርጅቱ ማሽኑን መልሶ ወሰደ። ከእኔም የሰጠኝን ኮሚሽን መልሶ ቆረጠ። ገንዘቡ ግን ካለቀ ቆይቷል። ሁለት ወር ሙሉ ከአዲሱ ሥራዬ ላይ ሲቆረጥብኝ ቆየ። እሱ አለፈ። ንግግሯ ነው ያላለፈው።

ስለዚያ ወር ብዙ አስቤአለሁ። ክፉ ሰው ሆኜ አይመስለኝም። ተጨንቄ ነበር። የተጨነቀ ሻጭ ደግሞ ደንበኛውን አያየውም፣ ኪራዩን ነው የሚያየው። ደንበኛም ይህን ይሰማዋል። በስልክ እንኳን ይሰማዋል። ሲቸግረኝ ወሬ አበዛለሁ። ሳልጠየቅ ዋጋ እቀንሳለሁ። ቅናሹም እንደሚመስለው ትንሽ አይደለም። የአንዳንዱ ድርጅት ኮሚሽን የሚታሰበው ከመሸጫው ዋጋ ነው፣ የአንዳንዱ ደግሞ ከትርፉ። ከትርፉ ከሆነ እንዲህ ነው። በ100 የሚሸጥ ዕቃ ትርፉ 25 ነው እንበል። አሥር ከቀነስኩ ትርፉ 15 ይሆናል። ለደንበኛው የተቀነሰለት 10 በመቶ ነው፣ ከእኔ ድርሻ ግን 40 በመቶው ሄደ። ይህን በቁጥር ጽፌ ያየሁት ቀን እጄን ጭንቅላቴ ላይ ነው የጫንኩት። ስንት ጊዜ ነው በአንድ ፈገግታ የሰጠሁት!

ስለዚህ ከዚያ ወዲህ የለወጥኩት አነጋገሬን አይደለም። የሽያጭ ስልጠና ብዙ ወስጃለሁ፣ አንዳንዱ ጠቅሞኛል። ዋናው ሥራ ግን ደንበኛው ፊት ሳልጨነቅ መቀመጥ የምችልበትን መንገድ መፈለግ ነበር።

መጀመሪያ ገንዘቡን ነው ያስተካከልኩት። ኮሚሽን ሲገባ ወደ ሌላ ሂሳብ ይሄዳል፣ አልነካውም። ግብሩና ወጪው መጀመሪያ ይነሳል። ከዚያ ያለፉትን 12 ወራት የተጣራ ገቢ ደምሬ ለ12 አካፍላለሁ። ከተገኘው ላይ 70 በመቶውን ለራሴ እንደ ደመወዝ በወሩ መጨረሻ እከፍላለሁ። የቀረው ይቆያል። ጥሩ ወር ሲመጣ ደመወዜ እምብዛም አይጨምርም። ይህ ከባድ ነው። ትልቅ ገንዘብ ገብቶ እንዳልገባ ሆኖ መኖር ይቆረቁራል። ግን ባዶ ወር ሲመጣም ደመወዜ እምብዛም አይቀንስም። ሦስት ወር የሚያቆይ ስንቅ ለመሰብሰብ አሥራ አራት ወር ፈጀብኝ። የሞላ ቀን ለማንም አልነገርኩም። ብቻዬን ተቀምጬ አለቀስኩ።

ሌላው የስልኩ ብዛት ነው። መቶ ስልክ ስደውል በደንብ የሚያናግሩኝ ሃያ ቢሆኑ ነው። ከሃያው ስምንቱን በአካል አገኛለሁ። ከስምንቱ ሁለቱ ይገዛሉ። የእኔ ደብተር የሚለው ይህን ነው፣ የሌላው ሌላ ይሆናል። ይህን ቁጥር ካወቅሁ በኋላ «አይ» መባል ስሜቴን መጉዳቱ ቀነሰ። ሁለት ሰው ብቻ እየጠበቅሁ ስቀመጥ ግን እያንዳንዱ «አይ» አጥንቴ ድረስ ይገባል። የድሮ ደንበኞቼንም ረስቼ ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እኔን ነበር። አሁን ዓርብ ከሰዓት የድሮዎቹ ጊዜ ነው። አልሸጥላቸውም። ማሽኑ እንዴት ነው እላለሁ፣ ወረቀት ከነከሰ እሄዳለሁ።

ሦስተኛው ውሉ ነው። ይህን የተማርኩት በቁስል ነው። ቀደም ሲል ለሌላ ድርጅት ስሠራ አንድ ትልቅ ገዢ ለስምንት ወር ተከታትዬ ነበር። የጥበቃውን ልጆች ስም ሁሉ አውቅ ነበር። በመሃል ከድርጅቱ ጋር ተለያየን። በሦስተኛው ሳምንት ገዢው ፈረመ፣ እኔ ባዘጋጀሁት ዋጋ፣ እኔ በመረጥኩለት ማሽን። ኮሚሽኔን ስጠይቅ «አሁን እኮ እኛ ጋ የለሽም» ተባልኩ። ውሌን አወጣሁ። አንድ ገጽ ተኩል ነው። ስለዚህ ነገር አንድ ቃል የለበትም። ደረቴ ላይ ድንጋይ እንደተጫነብኝ ሳምንት ከረምኩ።

ያን ሰሞን ስለ ወኪሎች ሕግ የማገኘውን ሁሉ አነበብኩ። በአውሮፓ በ1986 የወጣ መመሪያ አለ፣ ለሌላ ድርጅት ዕቃ ለሚሸጡ ወይም ለሚገዙ ነጻ የንግድ ወኪሎች ብቻ የተዘጋጀ። ውሉ ካለቀ በኋላ የተፈጸመ ሽያጭ እንኳ በአብዛኛው በወኪሉ ልፋት የመጣ ከሆነና በተገቢ ጊዜ ውስጥ ከተፈጸመ ኮሚሽን ይገባዋል ይላል። ወኪሉ የኮሚሽኑን ሂሳብ የሚያጣራበት መረጃ ከድርጅቱ የመጠየቅ መብት አለው። የጊዜ ገደብ የሌለውን ውል ለማቋረጥም ቢያንስ በመጀመሪያው ዓመት የአንድ ወር፣ በሁለተኛው የሁለት፣ ከሦስተኛው ጀምሮ የሦስት ወር ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። ሕጉ የሚሠራው እዚያው ነው። እኔ ግን ጥያቄዎቹን ከእሱ ወሰድኩ። አሁን ከመፈረሜ በፊት እጠይቃለሁ። ኮሚሽኑ የእኔ የሚሆነው ትዕዛዙ ሲመጣ ነው፣ ዕቃው ሲደርስ ነው ወይስ ደንበኛው ሲከፍል? ደንበኛው ቢመልስ የሚቆረጥብኝ እስከ መቼ ነው? የጀመርኩት ሰው ከተለያየን በኋላ ቢገዛስ? መልሱ በጽሑፍ ይሁን እላለሁ። አንዱ ድርጅት በዚህ ምክንያት ሳይቀበለኝ ቀረ። አልቆጨኝም።

ወደ ጠዋቱ ልመለስ። አዛውንቱ ጡረታ ወጥተው አነስተኛ የሂሳብ ሥራ ቢሮ ከፍተዋል። ትልቁን የፈለጉት የዓመቱ ሂሳብ ሲዘጋ ሥራ ስለሚበዛባቸው ነው።

«ጋሼ፣ በወር ስንት ደስጣ ወረቀት ይጨርሳሉ?» አልኳቸው።

ተነስተው ቁም ሳጥኑን ከፍተው ቆጠሩ። ሁለት። ሥራ ሲበዛ ስድስት። አንዱ ደስጣ 500 ወረቀት ነው። በጣም በበዛበት ወር 3 ሺህ ገጽ ማለት ነው፣ እሱም በዓመት አንዴ። ካታሎጉን ወደ ኋላ ገልጬ ትንሿን ጥቁርና ነጭ አሳየኋቸው።

«ይቺ ትበቃዎታለች።»

መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው በላዩ አዩኝ። «ልጄ፣ ትልቁን ብትሸጪልኝ የበለጠ አታገኚም ነበር?»

«አገኝ ነበር» አልኩ።

ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ልጽፈው የፈለግሁት ይህን ነው። እንዳልተንቀጠቀጠ ያወቅሁት ደረጃውን ስወርድ ነው።

አልገዙም ገና። ከልጃቸው ጋር ልማከር ብለዋል። ሰኞ እደውላለሁ።

ለነገ ስድስት ስም ጽፌአለሁ። አምስቱ የተለመዱ ናቸው። ስድስተኛዋ የትርጉም ቢሮዋ ሴት ናት። አራት ዓመት ሙሉ ስሟን ከአንዱ ደብተር ወደ ሌላው እያዛወርኩ ቆይቻለሁ፣ ደውዬ ግን አላውቅም። ልሸጥላት አይደለም። ስልኩን ስታነሳ ምን ብዬ እንደምጀምር ገና አልመጣልኝም። ስሟን ግን ወደ ላይ አውጥቼ አንደኛ ላይ ጻፍኩት።