የእማዬ ቆሽት
«ቆሽቴን አታሳርረው» እየተባባልን አድገን፣ ቆሽት የት እንዳለ ያወቅኩት እማዬ ስትታመም ነው። ከጨጓራ ጀርባ ነው።

በሌሊት ከድሬዳዋው ሳቢያን ሰፈር በባጃጅ ይዘናት ስንወጣ እጥፍጥፍ ብላ «ጀርባዬን፣ ጀርባዬን» ትላለች። የሐሞት ጠጠር ወርዶ የቆሽቷን መውጫ ስለዘጋው ቆሽቷ ተቆጥቷል ተባልን። ከሳምንት በኋላ ተሽሏት ቤት ገባን።

በሦስተኛው ሳምንት ግን ከእምብርቷ በላይ ተነፋች። ሁለት ጉርሻ ስትጎርስ «በቃኝ» ትላለች። በሲቲ ስካን ሲታይ 12 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ውሃ የቋጠረ ከረጢት ጨጓራዋን ተጭኖታል። መጀመሪያ ያየን ክሊኒክ «ነገውኑ በመርፌ ይቀዳ» አለን። እሺ ልል ነበር። ወንድሜ ሌላ ሐኪም ይያት ብሎ ድርቅ አለ፤ እግዜር ይስጠው።

የደንገጎን ጠመዝማዛ መንገድ ሆዷን ይዛ ወጥታ ሐረር ደረስን። ቀዶ ሐኪሙ ፊልሙን አይቶ «እህቴ፣ ጠብቁ» አለኝ። ተናደድኩ። እሱ ግን ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። ውሃው ተራ ውሃ አይደለም፣ ምግብ የሚፈጨው የቆሽት ፈሳሽ ያለበት ነው። ቆሽቱ እያፈሰሰ ከሆነ ቢቀዱትም ተመልሶ ይሞላል። ግድግዳው ደግሞ ገና ስስ ነው፣ ስፌት አይዝም። ሕመሙ ከጀመረ ቢያንስ 4 ሳምንት፣ ብዙ ጊዜ እስከ 6 ሳምንት ይፈልጋል። እስከዚያ በራሱ የሚጠፋም አለ።

ጠበቅን። ቅቤ የለ፣ ጥብስ የለ፣ የምትወደው ጣፋጩ ሙሸበክም ቀረ። ትንሽ ትንሽ፣ በቀን ስድስቴ አበላታለሁ። በድሬ ሙቀት የማን ግንባር አይግልም? ስለዚህ ማታ ማታ በቴርሞሜትር እለካት ነበር። ትኩሳት ከመጣ ከረጢቱ መግሏል ማለት ሊሆን ይችላል። የማያቆም ትውከት፣ ቢጫ ዓይን፣ ጥቁር ሰገራ ካያችሁም ሳታድሩ ሩጡ።

አልጠፋላትም። በሰባተኛው ሳምንት ተሠራች። ከረጢቱን ከጨጓራዋ የኋላ ግድግዳ ጋር ሰፍተው ቀዳዳ አበጁለት፤ ፈሳሹ ወደ ጨጓራ ገብቶ በአንጀት ይሄዳል። ሆድ ሳይከፈት፣ በአፍ በሚገባ ኢንዶስኮፒ ቱቦ አስቀምጦ ማፍሰስም አለ፤ እኛ ያገኘነው ቀዶ ጥገናውን ነው። ጠጠር የሞላውን የሐሞት ከረጢቷንም አብረው አወጡት፤ እሱ ሳይወጣ ከተተወ ሕመሙ ሊመለስ ይችላል።

ቤት በገባን በሳምንቱ የምስር ክክ በትንሽ እንጀራ አቀረብኩላት። ጨርሳ ሳህኑን ወደኔ ገፋችና «ጨምሪልኝ» አለችኝ።