የዶቅማ ዘር ከደረቀ አይሆንም

ባለፈው ግንቦት ዘጌ አጎቴ ጋ ሄጄ አንድ ፌስታል ዶቅማ ለቅሜ ተመለስኩ። ግማሹን ልጆቹ ጨረሱት፤ ምላሳቸው ወይን ጠጅ መስሎ ዋለ። እኔ የፈለግሁት ዘሩን ነበር።

ካቻምና ሞክሬ አልሆነልኝም። ዘሩን እንደ በቆሎ ፀሐይ ላይ አስጥቼ፣ በወረቀት ጠቅልዬ ሐምሌ እስኪገባ አስቀመጥኩት፤ ከ40 ዘር አንድም አልበቀለም። ለአጎቴ ስነግራቸው «ዶቅማ የውኃ ዳር ዛፍ አይደል? ዘሩ ከደረቀ ሞተ በቃ» አሉኝ። ልክ ናቸው፤ እንደ እህል ጎተራ የሚገባ ዘር አይደለም።

ስለዚህ በዚህኛው ዙር ሥጋውን በውኃ አሽቼ አጥቤ በማግስቱ ዘራሁት። አፈር፣ አሸዋና የበሰበሰ ፍግ ቀላቅዬ ጥቁሩን የችግኝ ላስቲክ ሞላሁ። ዘሩን አፈር አለበስኩት እንጂ በጥልቀት አልቀበርኩትም። ላዩ ላይ ሣር ጣል አድርጌ ማንጎው ጥላ ሥር አስቀመጥኩና ጠዋት ማታ ውኃ አርከፈክፍ ጀመር። የመጀመሪያው በ27ኛው ቀን ብቅ አለ፤ የመጨረሻው ግን ሁለት ወር ወሰደበት፣ ስለዚህ በሦስተኛው ሳምንት ተስፋ ቆርጣችሁ አፈሩን እንዳትደፉት። ለጋ ቅጠሉ ቀላ ብሎ ነው የሚወጣው፤ ታመመ ብላችሁ አትደንግጡ።

ባሕር ዛፍ ቶሎ ይደርሳል፣ ለምን ትደክማለህ የሚሉኝ አሉ። የሚገርመው ዶቅማ፣ ባሕር ዛፍ፣ ዘይቱንና ቅርንፉድ አንድ ቤተሰብ ናቸው። ዶቅማ ቀርፋፋ ነው፣ አልክድም። ግን እንጨቱ ጠንካራ ነው፦ ለቤት ምሰሶ ይሆናል፣ ለዛቢያ ይሆናል፣ ከሰሉም ጥሩ ነው። የአጎቴ የመጥረቢያ ዛቢያ ዶቅማ ነው፤ ስለቱ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል፣ ዛቢያው ግን ያው ነው። ሲያብብ ደግሞ ንቡ አይጠየቅ። ቢቆረጥም ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ሥሩ ዳርቻውን ጨምድዶ ይይዛል፤ ለኔ ትልቁ ነገር እሱ ነው፣ ምክንያቱም በየክረምቱ ከአጎቴ ማሳ ጫፍ አፈሩ ወደ ጣና ሲወርድ ዓይኔ እያየ ነው።

አሁን 14 ችግኞች ስንዝር አልፈዋል። ሐምሌ ላይ ዳርቻው ላይ እንተክላቸዋለን፤ ከብት እንዳይደርስባቸው አጥሩን ከወዲሁ ጀምረናል።

ፍሬው ሰሞኑን መብሰል ይጀምራል። ለቀማ ከሄዳችሁ በደንብ የጠቆረውን ምረጡ። ፌስታሉን አፉን አትቋጥሩት፣ ታፍኖ ይሻግታል። በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አምጡትና በማግስቱ ዝሩት።